አንሶላ በየስንት ጊዜ ይታጠብ? (መልስ)

እህቴ፣ ከአዲስ አበባ አዳማ ከገባሽ ወዲህ አንሶላውንም ብርድ ልብሱንም በየሳምንቱ ስታጥቢ አማትሽ «ሳሙና መጨረስ ነው» እንዳሉሽ ጽፈሻል። በአንሶላው እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ሌሊትም አይለቅም። አቧራው ደግሞ ሳይጋበዝ በመስኮት ይገባል። የትራስ ልብሱን እስቲ እዪው፤ ጭንቅላት የሚያርፍበት ጋ ቢጫ ክብ ይሠራል። እሱንማ በየሦስት አራት ቀኑ ብትቀይሪው አይበዛም።

ብርድ ልብስ ላይ ግን እማማ ልክ ናቸው። ገላችንን የሚነካው አንሶላው እስከሆነ ድረስ፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ይበቃዋል። በመሃል ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማራገፍ ነው።

ቤት ውስጥ አስም ያለበት ካለ አንሶላውን 60 ዲግሪ በሞቀ ውሃ እጠቢ። አስም የሚቀሰቅሱትን የአቧራ ተባዮች (አልጋ ልብስ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት) የሚገድላቸው ሙቀቱ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ አይገድላቸውም። ጠዋትም ቶሎ አታንጥፊ፣ ገልጠሽ ይናፈስ።

ነጩን ደግሞ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈሽ እንዳታሳድሪ! የኔ አንሶላ እንደዛ ሆኖ ሲጨመቅ እጄ ላይ ተተረተረ። አሁን የወጥ ቤት መወልወያ ሆኗል።