ጠቡ የሚጀምረው አንገት ዝቅ ሲል ነው

ወንድሜ፣ መናፈሻ ውስጥ ዝይዎች ሲጣሉ ስታነሳ ወይ ይደበዝዝብሃል ወይ ጠቡ አልቆ ነው የምትደርሰው። «ትልቅ ሌንስ ልግዛ?» ብለሃል። ገንዘብህን ያዝ። እኔ ከ300 ወደ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተሸጋግሬ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር፣ የደበዘዙት ወፎች ተለቅ ብለው መምጣታቸው ነው።

ችግሬ መዘግየት ነበር። የክንፍ ድምፅ ሰምቼ ካሜራ ሳነሳ የማገኘው የተሸናፊውን ጀርባ ነው። በኋላ ካሜራውን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ ማየት ጀመርኩ። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

የግብፅ ዝይን ተመልከት። መጀመሪያ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ዝቅ ያደርጋል። ወንዱ እንደ ተበሳ ጎማ እስስ ይላል፣ ሴቷ ደግሞ መናፈሻውን በጩኸት ታናውጠዋለች። ክንፍ ሲዘረጋ ክንፉ ላይ ያለው ሰፊ ነጭ ቦግ ይላል። እስከዚህ ሽለላና ፉከራ ነው፤ ብዙ ጊዜም በዚሁ ያበቃል። ደረት ለደረት ከገጠሙ ግን በመንቁር ተያይዘው በክንፍ ይወቃቀጣሉ። እኔ የካሜራውን ቁልፍ መጫን የምጀምረው አንገቱ ዝቅ ሲል ነው። ብዙ ፍሬም ይባክናል፤ ይባክን።

ያ ግንባሩ ነጭ የሆነ ጥቁር የውሃ ወፍ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጭንቅላቱን ውሃው ላይ ደፍቶ፣ የጀርባ ላባውን ነፍቶ በቀጥታ ይቀዝፋል። ሲገናኙ ወደ ኋላ ተንጋለው በእግር ይራገጣሉ። ከዚያች ትንሽ ሰውነት ያ ሁሉ እግር ይወጣል ብለህ አትገምትም።

ቦታም ለይ። እኔ የምሄድበት ኩሬ ውስጥ የወደቀ ግንድ አለ። ከግንዱ ወዲህ የአንድ ጥንድ ነው፣ ወዲያ የሌላው። ወፍ እያሳደድኩ መዞሩን ትቼ ግንዱ ፊት ለፊት ቁጭ ስል ነው ፎቶ ያገኘሁት። በተለይ በመራቢያ ወቅት፣ ጠዋት ጠዋት።

ሴቲንግ ላልከው፦ ሻተር ስፒድ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ከ1/2000 ሰከንድ አይዘግይ። ደመና ከሆነ አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ይጨምር፤ ሻካራ ፎቶ ከደበዘዘው ይሻላል። ፎከሱ ተከታታይ ይሁን፣ ወፉ ሲንቀሳቀስ አብሮ እንዲከተለው። ዙሙን ትንሽ መልሰው፣ ክንፍ ተቆርጦ እንደመቅረት የሚያናድድ ነገር የለም። ለጥቁሩ ወፍ ኤክስፖዠር (የፎቶውን ብርሃን) ቀነስ አድርግ፣ አለዚያ ነጩ ግንባር ፎቶው ላይ ከመጠን በላይ ነጥቶ ዝርዝሩ ይጠፋል። ከቻልክ ደግሞ መሬት ላይ ተኛ። ልብስ ይታጠባል።

ፍርፋሪ ወርውሮ የሚያጣላቸው ሰው አለ። የወፍ ድምፅ በስልክ የሚያጫውትም አይቻለሁ። እኔ አልወድም። የምግብ ሽሚያ ፎቶው ላይም ያስታውቃል፤ ሁሉም ዓይኑ ፍርፋሪው ላይ ነው። ጎጆ አካባቢ ሆነህ ዝይው አንገቱን ወዳንተ ከዘረጋ ደግሞ፣ ጠቡ ካንተ ጋር ነውና ተነስተህ ሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር። የዝይዎቹ ጠብ አልቆ ተሸናፊው ሲበር ካሜራህን አታውርድ። አሸናፊው ወደ ጓደኛው ይመለስና ክንፍ ዘርግተው፣ አንገት አንስተው አብረው ይጮሃሉ። እኔ ከሁሉ የምወደው ፎቶ ይሄኛው ነው። ወንዱ መንቁሩን ከፍቷል፣ ጫፉ ላይ የባላንጣው ላባ ተጣብቋል።