የሰኔ ጾምና የሊዝበን ሰርዲን

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ ነዋሪ የሆንኩ፣ በጡረታ ላይ የምገኝ የታሪክ መምህርት ነኝ። ፖርቱጋል ውስጥ የምትማረው ልጄ በመጪው ሰኔ መጀመሪያ ሊዝበን ሄጄ አሥር ቀን ከእርሷ ጋር እንድሰነብት ጋብዛኛለች። ሦስት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው፣ «የፋሲልን ግንብ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ነገሩ እውነት ከሆነ የእኛ ግንብ የተቀዳበትን ሕንፃ እዚያ አገኘው ይሆን? ሁለተኛው፣ ወቅቱ የሐዋርያት ጾም የሚገባበት በመሆኑ፣ አሳማ በየወጡ በሚገባበት አገር ምን በልቼ እሰነብታለሁ? ሦስተኛው፣ ጉልበቴን ስለሚያመኝ የከተማዋን ዳገት መቻሌን እጠራጠራለሁ። ስለ ቪዛውና ስለምይዘው ስንቅም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፤ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ሰፊ መልስ የሚሻው የምግቡ ነው። ይሁን እንጂ የግንቡን ነገር አስቀድመን ካላጠራነው አሥሩ ቀን በማይገኝ ነገር ፍለጋ ሊያልቅ ስለሚችል ከእርሱ እጀምራለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የፋሲልን ግንብ ፖርቱጋሎች አልሠሩትም። አፄ ፋሲል በ1632 እንደ ነገሡ፣ በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ለብዙ ደም መፍሰስ ምክንያት የሆነውን ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ስብከት አስቁመው ካህናቱን ከአገር አስወጥተዋል፤ ጎንደርን የቆረቆሩትም ከዚያ በኋላ፣ በ1636 አካባቢ ነው። በ1648 ከየመን በመልእክተኛነት መጥቶ ግንቡን በዓይኑ ያየው ሐሰን ቢን አሕመድ አል-ሐይሚ ደግሞ የሥራው መሪ ህንዳዊ እንደ ነበር ጽፎ አልፏል። በኖራ የመገንባት ጥበብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በውጭ ሰዎች እጅ መስፋፋቱን የሚክድ የለም፤ እርስዎ በሚኖሩበት በአዘዞ ያለው የገነተ ኢየሱስ ፍርስራሽ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ነገር ግን ከፋሲል በፊት የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የጉዛራ ግንብ እንፍራዝ ላይ ቆሞ እያለ፣ የአገራችንን ግንበኞች ከታሪኩ አውጥቶ ሁሉንም ለአንድ የባሕር ማዶ አገር መስጠት፣ እርስዎ ለብዙ ዓመታት ባስተማሩት ትምህርት ላይ የሚደረግ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የጎንደርን ግንብ ምንጭ ሊዝበን ውስጥ አያገኙትም። ይልቁንም የእኛ ሰዎች ጎንደር ከመቆርቆሯ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የተላኩባትን፣ የተከራከሩባትንና የናፈቁባትን ከተማ ያያሉ። እኔ ወደ ሊዝበን የሚሄድ የጎንደር ሰው ሁሉ ይህን ይዞ እንዲሄድ እመኛለሁ።

መጀመሪያ ቤሌም ወደተባለው ሰፈር ይሂዱ። ስሙ ቤተልሔም ማለት ነው። የቴዦ ወንዝ ሰፍቶ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር ለመቀላቀል በተቃረበበት በዚህ ዳርቻ ላይ የቤሌም ግንብ ቆሟል። በየማዕዘኑ ያሉትን ክብ ማማዎችና ጉልላቶቻቸውን ሲያዩ ለአፍታ ፋሲል ግቢ የቆሙ ይመስልዎታል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ቀረብ ብለው ድንጋዩን ሲያዩት ግን ልዩነቱ ይገለጣል። የእኛው ጠቆር ያለና ብዙ ጌጥ የሌለው ሲሆን፣ በመስኮቶቹና በበሮቹ ቅስት ዙሪያ ብቻ ቀላ ያለ ድንጋይ ይታያል። የቤሌሙ ነጭ የኖራ ድንጋይ ሲሆን የመርከብ ገመድ እስከነቋጠሮው ተቀርጾበት ወገቡን ይዞራል። ከአንደኛው ማማ ሥር ደግሞ ዝናብና ነፋስ የበላው የአውራሪስ ራስ አለ፤ በ1515 ከህንድ ለንጉሥ ማኑኤል የመጣው አውራሪስ መታሰቢያ ነው። ግንቡ አልፎ አልፎ ለእድሳት ስለሚዘጋ ልጅዎ አስቀድማ ታጣራ፤ ቢዘጋ እንኳ ከውጭ ማየቱ ለዚህ ንጽጽር ይበቃል።

የዚህ ግንብ ሥራ የተጀመረው በ1514 ነው። በዚያው ዓመት የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ደብዳቤ ይዞ ሊዝበን ደርሷል። ከእርሱ በኋላ፣ በ1527፣ የአፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ መጣ፤ እርሱ ግን መልእክቱን አድርሶ ቶሎ ሊመለስ አልቻለም። የአገሩ የሃይማኖት ሊቃውንት ስለ እምነቱ እየመረመሩት፣ ቁርባን እየከለከሉት፣ ዓመታት በዚያው አለፉ። በ1533 ደሚያኦ ደ ጎይሽ የተባለው ፖርቱጋላዊ ምሁር አግኝቶት የአገሩን ሃይማኖት በጽሑፍ እንዲያስረዳለት ለመነው። ጸጋ ዘአብም ስለ ግዝረት፣ ስለ ሰንበትና ስለሚበላና ስለማይበላ ነገር ሥርዓታችንን አብራርቶ ጻፈ፤ ከእምነት መሠረት ባልሆነ ነገር፣ ለምሳሌ በምግብ ልዩነት፣ እንግዳ ክርስቲያንን በጭካኔ መንቀፍ እንደማይገባ በዚያው ጽሑፍ ላይ አመልክቷል። እርስዎ ዛሬ «ምን እበላለሁ?» ብለው የሚጠይቁት ጥያቄ በዚያች ከተማ ከእኛ ወገን በአንዱ ላይ ክስ ሆኖ ነበር ማለት ነው። በወንዙ ዳር ሲሄዱ እርሱን እንዲያስቡት አደራ እላለሁ።

ከግንቡ ብዙ ሳይርቁ የጄሮኒሞስን ገዳም ያገኛሉ። በ1501 መሠራት የጀመረው ከአፍሪካና ከህንድ በሚመጣው ቅመም ላይ በተጣለ ቀረጥ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ላይ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር አለ። ልጁ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ በ1541 ወደ 400 የሚሆኑ ባለጠመንጃዎች ይዞ አፄ ገላውዴዎስን ሊረዳ መጥቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ተማርኮ የተገደለው ነው። አባትየው በድንጋይ ተቀርጾ ተኝቶ ሲታይ፣ የልጁ አጥንት በእኛ አገር አፈር መቅረቱ አንጀት ይበላል። ገዳሙ ሰኞ ዝግ ነው።

ከመሐል ከተማ ሳያዩት መመለስ የሌለብዎት አንድ ሌላ ቦታ የካርሞ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 1 ቀን 1755፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለነበር ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ እንደ ተሰበሰበ ምድር ተናወጠች፤ የጠዋፉ እሳት ቤቶችን አያያዘ፤ ባሕሩም ሸሽቶ ተመልሶ በወንዙ ዳር ያለውን ሰፈር አጥለቀለቀው። የካርሞ ጣሪያ ያን ቀን ወደቀ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ቅስቶቹ ብቻ ሰማይ ተሸክመው ቆመዋል። የአፄ ኢያሱን ግንብ ጣሪያ አልባ ሆኖ እያዩ ላደጉ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም፤ የእኛውም በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ እንደ ተጎዳ፣ በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ እንዳባሰው ይነገራል።

ስለ ጉልበትዎ፦ ሊዝበን እንደ ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ናት፤ ነገር ግን ከባሕር ጠለል እምብዛም ስለማትርቅ ትንፋሽ አያጥርዎትም። ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ነው። ጥቁርና ነጭ ትንንሽ ድንጋይ ተገጣጥሞ የተሠራ በመሆኑ ሲያዩት ያምራል፤ በእግር ብዛት ስለለሰለሰ ግን ካፊያ ሲነካው ያንሸራትታል። ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። ቤሌም ሜዳ ነው፤ 15 ቁጥር ትራም ከመሐል ከተማ ያደርስዎታል። ወደ ካርሞ ለመውጣት ባይሻ-ሺያዱ በተባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ያሉት ረጃጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ዳገቱን ያስቀሩልዎታል። ዝነኛው 28 ቁጥር ትራም የድሮዎቹን ሰፈሮች ያዞራል፤ ነገር ግን በሰው ስለሚጨናነቅና ኪስ አውላቂ ስለማይጠፋበት ማልደው ይሳፈሩ፤ ቦርሳዎንም ከፊትዎ ይያዙ።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። የሄዱበት ሳምንት የቅዱስ አንቶኒዮ በዓል ዋዜማ፣ በእኛ ሰኔ 5 (በአውሮፓውያኑ ጁን 12) ማታ፣ ከገጠመ በአልፋማ ሰፈር ጠባብ መንገዶች ላይ ከየደጃፉ የሰርዲን ጢስ ሲወጣ ያገኙታል። ዓሣው ሳይቆራረጥ ሸካራ ጨው ተነስንሶበት በከሰል ይጠበስና በወፍራም ዳቦ ላይ ይጋደማል። ሰው ዓሣውን በእጁ እየለቀመ ከበላ በኋላ ስቡን የጠጣውን ዳቦ መጨረሻ ላይ ይበላዋል፤ ወጥ የጠጣውን የትሪ እንጀራ ለምንወድ ለእኛ ይህ ምንም ማስተዋወቂያ አይሻም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው በምእመናን ዘንድ የቆየ ክርክር ስለሆነ እኔ ልፈርድ አልችልም፤ ከመሄድዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ጠይቀው ፈቃዱን ወይም ክልከላውን ይዘው ይሂዱ። እዚያ ገበታ ላይ ተቀምጦ ከመጨነቅ ያድናል። ከተፈቀደልዎ ደርቆ በጨው የኖረው ባካልያው የተባለው ዓሣም አለ። አንድ ቀን ሙሉና ከዚያም በላይ በውኃ ተዘፍዝፎ ጨዉ ካልወጣ አይበላም። ታዲያ አብዛኛው አሠራሩ እንቁላል ወይም ወተት ስለሚገባበት ለጾም የሚሆነው በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰው ነው። ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ የሚበሉ ከሆነ ደግሞ በሩዝም በድስትም የሚመጡትን ሸርጣን፣ ዛጎልና ስምንት እግር ያለውን የባሕር እንስሳ ልጅዎ አስቀድማ ከዝርዝሩ ለይታ ታሳይዎት።

ዓሣውን ከተዉም አይራቡም። ካልዶ ቬርድ የተባለው ሾርባ በድንችና እንደ ክር ቀጥኖ በተከተፈ ጎመን ይሠራል፤ ሲቀርብ ግን የአሳማ ቋሊማ ቁራጭ ይጣልበታል፣ አንዳንዱም ወጥ ቤት አብሮ ይቀቅለዋል። ስለዚህ «ሰይ ሾሪሱ»፣ ያለ ቋሊማ፣ ብሎ ማዘዝ ብቻ አይበቃም፤ አብሮ ተቀቅሎ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሽምብራ ሾርባ ከቆስጣ ጋር በብዙ ቤት አለ። ከሁሉ የወደድኩት አሶርዳ የተባለውን ነው፤ ያደረ ዳቦ በፈላ ውኃ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይትና በድንብላል ቅጠል ሲርስ ፍትፍት እንጂ ሌላ ስም አይገኝለትም። ከላዩ የሚደረገውን እንቁላል እንዲተዉልዎት ይንገሯቸው። አልየይራ የሚባል ቋሊማ ደግሞ በ1496 በወጣው አዋጅ እምነታቸውን እንዲለውጡ የተገደዱ አይሁድ፣ አሳማ የሚበሉ ለመምሰል በዶሮና በዳቦ የፈጠሩት ነው ይባላል። ታሪኩ የቤተ እስራኤላውያንን መንደር ወለቃን ለሚያውቅ የጎንደር ሰው ቅርብ ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ አሳማ ስለሚገባበት በታሪኩ አይታለሉ።

ከገዳሙ አጠገብ ከ1837 ጀምሮ የሚጋገረው የቤሌም ጣፋጭ በእንቁላል አስኳልና በወተት የተሞላ በመሆኑ ለጾም አይሆንም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ካገኙ ትኩሱን፣ ቀረፋ ነስንሰውበት ይብሉ። ቡናውን «ቢካ» ብለው ያዙ፤ በትንሽ ሲኒ ወፍሮ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን በብርቱ አሳስባለሁ። ገበታ ላይ እንደ ተቀመጡ ሳያዙ ዳቦ፣ ወይራና ዓይብ ይቀርብልዎታል። እኔ በመጀመሪያው ቀን የእንግዳ አቀባበል መስሎኝ በልቼ በሒሳቡ ላይ ተደምሮ ሳየው ደንግጫለሁ፤ በአገራችን ለእንግዳ ቀድሞ የሚቀርብ ነገር አይከፈልበትምና። በዚያ አገር ግን የተለመደ አሠራር ነው። ካልነኩት አይከፍሉም፤ ካልፈለጉት እንዲያነሱት በትሕትና ይንገሯቸው።

በየገበታው ላይ በዘይት የተዘፈዘፈ ፒሪ ፒሪ የሚባል ቃሪያ ያገኛሉ። ቃሪያና በርበሬ መነሻቸው አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ዳርቻዎች ያሰራጯቸው በዋናነት የፖርቱጋል መርከቦች ናቸው። የፖርቱጋሎችን አሻራ ጎንደር ውስጥ ለሚፈልግ ሰው ከግንቡ ይልቅ የወጣችንን ድስት መክፈት ሳይሻለው አይቀርም።

ቪዛው የሼንገን ነው። ማመልከቻውን ለአጭር ጉብኝት ከልጅዎ የግብዣ ደብዳቤ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ከሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን፣ ከጡረታና ከባንክ ማስረጃዎ ጋር ያቀርባሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 በወሰነው መሠረት ለኢትዮጵያውያን የመልስ ጊዜው ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ስለ ረዘመ፣ ለሰኔ ጉዞ ቢያንስ በመጋቢት ይጀምሩ።

ስንቁን በተመለከተ፣ ለልጅዎ ቅቤ፣ ዓይብ ወይም ቋንጣ ለመያዝ አስበው ከሆነ ይተዉት። የሥጋና የወተት ውጤት ከአገራችን ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መግባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል፤ ቅጣትም ሊያመጣ ይችላል። የተፈጨ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በዘይት የተለወሰ ዳቦ ቆሎ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና በደንብ አሽገው ከላዩ ምንነቱን ጽፈው ይያዙ። ጎመኑን እዚያው ገበያ ይገዙታል፤ ለካልዶ ቬርድ የሚሸጠው ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ረጅም የሆነው ጎመን ከጓሯችን ጎመን ብዙም አይርቅምና፣ በልጅዎ ድስት ከሽሮው ጎን ጥሩ የጾም ምሳ ይሆንልዎታል።