«በፕላስቲክ ባትሪ ማን እንጀራ በላ?»

የጻፈችልኝ የሐይቅ ልጅ ናት። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቃ አዲስ አበባ የማስተርስ ዕድል አግኝታለች። የጥናቷ ርዕስ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮች (የፕላስቲክ ዓይነቶች) የባትሪ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የባትሪውን ዋልታ፣ መሥራት ነው። በዚያው ሰሞን ኮምቦልቻ ካለ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ሥራ መጣላት። አጎቷ «በፕላስቲክ ባትሪ ማን እንጀራ በላ?» አሏት። ደሞዝ ይዛ የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ወጪ እንድትሸፍን ይፈልጋሉ።

እህቴ፣ አብሽሪ።

የአጎትሽ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ጃፓን ውስጥ ብሪጅስቶንና ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፖሊአኒሊን ከሚባለው ከእንዲህ ዓይነቱ ፖሊመርና ከሊቲየም የተሠራ ሳንቲም የሚያህል ባትሪ ለገበያ አውጥተው ነበር፤ አልዘለቀም። ፖሊአኒሊን ሲሞላ ከኤሌክትሮላይቱ፣ ማለትም ባትሪው ውስጥ ካለው ፈሳሽ፣ አሉታዊ አየኖችን (ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች) ይስባል። ስለዚህ ብዙ ኤሌክትሮላይት መሸከም አለበት፣ ባትሪው ይከብዳል። ሳይነካ ቁጭ ባለበትም ቻርጁ ይወርዳል። እንግዲህ የፖሊመር ባትሪ ፋብሪካ ይቀጥረኛል ብለሽ ከሆነ አትሂጂ።

እኔ ግን ሂጂ የምልሽ ባትሪ መለካትን እንድትማሪ ነው። የፖሊአኒሊን መነሻ የሆነውን አኒሊን አሲድ ውስጥ በበረዶ አቀዝቅዘሽ አሞኒየም ፐርሰልፌት ስትጨምሪበት፣ ቢከሩ ውስጥ ያለው መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቆይቶ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ የሚወጣውን የፖሊአኒሊን ዱቄት ኤሌክትሮድ ላይ ቀብተሽ ደጋግመሽ ትሞያለሽ፣ ታወርጃለሽ። ለምን እየደከመ እንደሄደ ከመለኪያው ግራፍ ኩርባ ታነቢያለሽ። በዚሁ ዘዴ የሊቲየም ባትሪም ይለካል። አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ደሴም በይው አዲስ አበባ እየበዛ ነው። የገጠሩ ሶላርም ባትሪ ላይ ነው የቆመው። ባትሪው ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው ለክቶ የሚናገር ሰው ይፈለጋል።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ኮምቦልቻ የፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ነበርኩ። የተከበረ ሥራ ነው። ግን ጠዋት ፒኤች፣ ከሰዓት ቲትሬሽን፣ ነገም ያው። ዕድገት ያገኘው መሣሪያው ሲበላሽ ከፍቶ የሚያስተካክለው ልጅ ነበር።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ወረቀት አውጪና የፋብሪካውን ደሞዝ ጻፊ። የኮምቦልቻን የቤት ኪራይ፣ ምግብና ትራንስፖርት ቀንሺ። ሐይቅ የሚደርሰው ስንት ነው? ሂሳቡን ለአጎትሽ አሳያቸው። የሚተርፈው የወንድምሽን ወጪ የማይሸፍን ከሆነ ነገሩ ገንዘብ አይደለም፤ ሴት ልጅ ብቻዋን አዲስ አበባ መሄዷን ፈርተው ነው። ያንን በግልጽ ይበሉት፣ እናንተም በግልጽ ተነጋገሩበት። የወንድምሽ ትምህርት የቤተሰቡ ሁሉ ጉዳይ ነው፤ አንቺ ላይ ብቻ መጫኑ ልክ አይደለም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ላልሽው፣ ጽሑፍ በማንበብ ይሻሻላል።

ከመወሰንሽ በፊት ለአማካሪሽ ጻፊ። ባትሪ የሚለካበት መሣሪያ፣ ፖቴንሽዮስታቱ፣ ይሠራል ወይ? ተራ ስንት ወር ይጠበቃል? በሊቲየም ከሆነ አየርና እርጥበት እንዳይነካው በአርጎን ጋዝ የተሞላ ዝግ ሳጥን አላችሁ ወይ? ከሌላቸው ፖሊአኒሊንን ከዚንክ ጋር በውሃ ኤሌክትሮላይት መሥራት እንደሚቻል አንሺላቸው፤ ለዚያ ሳጥኑ አያስፈልግም። የትምህርት ክፍያውንና የወር ድጎማውንም አትርሺ። መሣሪያው ከሌለና ሥራሽ የሌሎችን ጽሑፍ መሰብሰብ ብቻ ከሆነ ኮምቦልቻ ይሻልሻል። መልሱ እስኪመጣ ፋብሪካውን አንድ ሳምንት ጊዜ ጠይቂ።