«ቃል ብቻ ተናገር»፦ ስለ ሥልጣን ለወጣት አማኞች

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዳኝነት ነው። ቅዱሱን መጽሐፍ ሳነብ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው ሥልጣን በሚነሣበት ቦታ ላይ ነው፤ ማን ሰጠው? እስከ የት ይደርሳል? ባለቤቱስ ለማን መልስ ይሰጥበታል? እያልኩ አነባለሁ። እናንተ ያላችሁት «እግዚአብሔር በእኔ በኩል እንዲህ ይልሃል» የሚል ሰው በበዛበት ጊዜ ነው። አንዳንዶቻችሁ የሰማችሁትን ሁሉ ትታዘዛላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በዚያው ተጎድታችሁ ከእምነቱ ራሱ ሸሽታችኋል። ሁለታችሁም ታሳስቡኛላችሁ።

ከቅፍርናሆሙ መቶ አለቃ ልጀምር። ብላቴናው ሽባ ሆኖ ቤት ተኝቷል፣ እጅግ ይሠቃያል። ጌታ እኔ መጥቼ እፈውሰዋለሁ ሲለው ሰውዬው «ቃል ብቻ ተናገር» አለ፤ ምክንያቱንም አስከተለ፦ «እኔ ደግሞ ለሌሎች ተገዥ ነኝና፥ ከእኔም በታች ጭፍራ አለኝ።» አብዛኛውን ጊዜ ሲሰበክ የምሰማው ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ሂድ ሲሉት የሚሄደው፣ ና ሲሉት የሚመጣው ወታደር። እኔን የሚይዘኝ ግን የመጀመሪያው ነው። መቶ አለቃው ወታደሮቹ የሚታዘዙለት እርሱ ራሱ የሚታዘዝለት የበላይ ስላለው መሆኑን አልረሳም።

ይህን በእጄ አይቼዋለሁ። እስረኛ የሚያስፈታ ትእዛዝ አንድ ወረቀት ነው፤ ጥቂት መስመር፣ ቀን፣ ፊርማ፣ የፍርድ ቤቱ ማኅተም። ወረቀቱ እኔ ረግጬው ወደማላውቀው እስር ቤት ይሄዳል። ፊቴን አይቶ የማያውቅ ጠባቂ ያነበዋል፣ ማኅተሙን ያያል፣ በሩን ይከፍታል። ጡረታ በወጣሁ ማግስት ያንኑ ፊርማ በዚያው ዓይነት ወረቀት ላይ ባሰፍረው ግን አንድም በር አይከፍትም። እጁ ያው እጅ ነው፣ ፊርማውም ያው ፊርማ ነው። የሰው ሥልጣን ሁሉ፣ የካህኑም የሰባኪውም የአባወራውም፣ እንዲህ ያለ የአደራ ሥልጣን ነው።

ታዲያ የክርስቶስስ? እዚህ ላይ ብናቆም ጌታን እንደ ታላቅ መልእክተኛ ብቻ እናየው ነበር። ወንጌሉ ግን ከዚያ ያልፋል። ነቢያት «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» እያሉ ተናገሩ፤ እርሱ በተራራው ላይ «እኔ ግን እላችኋለሁ» አለ፤ ሕዝቡም «እንደ ጻፎቻቸው ሳይሆን እንደ ባለ ሥልጣን» በማስተማሩ ተገረሙ። በቅፍርናሆም ጣራ ነድለው ያወረዱለትን ሽባ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ኃጢአትህ ተሰረየችልህ አለው። ይህን እንደ ዳኛ ስታዩት ያስደነግጣል። ዳኛ ቅጣት ሊያቀል ይችላል፤ በተበደለው ሰው ቦታ ገብቶ ይቅር ማለት ግን አይችልም፤ ይቅርታ የተበዳዩ ነውና። በዚያ የተቀመጡት ጻፎች «ከአንዱ ከእግዚአብሔር በቀር ኃጢአት ሊያስተሰርይ ማን ይችላል?» ብለው ሲያስቡ ሕጉን በትክክል ነው ያነበቡት። የሳቱት ፊታቸው የቆመውን ማንነት ነው። የሰው ኃጢአት ሁሉ የሚደርሰው እርሱ ዘንድ ካልሆነ በቀር እንዲህ ሊል አይችልም ነበር፤ ስለዚህም ሽባውን አልጋውን አሸክሞ ወደ ቤቱ ሰደደው።

አሁን ወደ ጲላጦስ እንሂድ፤ የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቆሜ ያየሁት ሰው ነው። በታሪክም የታወቀ ገዥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በቂሣርያ ፍርስራሽ መካከል የተገኘ ድንጋይ ስሙንና የይሁዳ ገዥነት ማዕረጉን ይዟል። በዮሐንስ ወንጌል ሦስት ጊዜ በዚህ ሰው ላይ በደል አላገኘሁም ይላል። በፍርድ ቤት ቋንቋ ይህ ነጻ የመልቀቅ ውሳኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መፍታት ብቻ ነው። እርሱ ግን አስገረፈው። ተከሳሹ ዝም ሲለውም «ልሰቅልህ ሥልጣን እንዳለኝ ወይም ልፈታህ ሥልጣን እንዳለኝ አታውቅምን?» አለ። መልሱ «ከላይ ካልተሰጠህ በቀር በእኔ ላይ ምንም ሥልጣን ባልነበረህም» የሚል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሕዝቡ ይህን ብትፈታው የቄሣር ወዳጅ አይደለህም ብለው ጮኹ፤ ያን ጊዜ ሥልጣን አለኝ ያለው ሰው ያንኑ ሥልጣኑን ሊጠቀምበት አቃተው። ከሁሉ ይልቅ የፈራው ዳኛው ነበር። የታሰረው ደግሞ ነፍሱን ላኖራት ሥልጣን አለኝ፣ ላነሣትም ሥልጣን አለኝ ብሎ አስቀድሞ የተናገረው ነው። ከአንድ ቀን በፊትም አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው እያወቀ ተነሥቶ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል። ዮሐንስ እያወቀ ማለቱን ልብ በሉ፤ ሥልጣኑን ረስቶ ወይም ለጊዜው አስቀምጦ አላጠበም።

በእግዚአብሔር ስም የሚያዝዛችሁን ሰው የምትመዝኑት በዚህ ነው። ጳውሎስ ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ትዳር ሲጽፍ ይህን ጌታ አዝዟል፣ ይህን ደግሞ እኔ እላለሁ፣ ጌታ አይደለም እያለ ለየላቸው፤ ስለ ደናግልም የጌታ ትእዛዝ የለኝም አለ። የራሱን ምክር የጌታ ትእዛዝ ማስመሰል እንዴት ይቀለው እንደነበር አስቡት! አላደረገውም። እንግዲህ ማንን እንድታገቡ፣ ገንዘባችሁን ለማን እንድትሰጡ፣ ከየትኛው ጓደኛ እንድትርቁ የራሱን አሳብ «ጌታ ነገረኝ» ብሎ የሚጭንባችሁ ሰው ሐዋርያው ያልደፈረውን ደፍሯል። ይኸው ጳውሎስ ሥልጣኑ ለማነጽ እንጂ ለማፍረስ እንዳልተሰጠው ጽፏል። በአንድ ሰው አመራር ሥር ዓመታት ቆይታችሁ ፍርሃታችሁ ከጨመረ፣ ከቤተሰብ ከተለያችሁ፣ መጠየቅ ኃጢአት ከመሰላችሁ፣ እየታነጻችሁ አይደለም። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ ያስተማራቸውን እንኳ እንደዚሁ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን መረመሩ፤ ሉቃስም በዚህ ልበ ሰፊዎች አላቸው እንጂ አመፀኞች አላላቸውም። የተጎዳችሁ ልጆች ሆይ፣ የደረሰባችሁን መናገር በእግዚአብሔር ላይ መነሣት አይደለም። የተደረገባችሁ ወንጀል ከሆነ ደግሞ ወደ ሕግ ሂዱ፤ ማንም «የቀባውን አትንኩ» ብሎ አያስፈራራችሁ።

ስለ መንግሥት ሥልጣን ጳውሎስ በሮሜ 13 ለገዥዎች ተገዙ ያለው ይጠቀሳል፤ ይገባልም። ነገር ግን ጸሐፊውን እዩት። በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተደብድቦ ከታሰረ በኋላ በስውር ውጡ ሲባል እምቢ አለ፤ ገዥዎቹ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። በቂሣርያም ይግባኙን ወደ ቄሣር አቀረበ። ገዥን የእግዚአብሔር አገልጋይ ማለት ገዥም የሚጠየቅበት ጌታ አለው ማለት ነው። ጴጥሮስ በሸንጎው ፊት «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» ያለውም ሮሜ 13ን አያፈርስም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ይህኛው አይጣፍጣችሁ ይሆናል። የሰውን ሥልጣን መመርመር የተማረ ወጣት ቀስ በቀስ የክርስቶስንም ቃል እንደ አስተያየት መስማት ይጀምራል። ጠላትህን ውደድ፣ ይቅር በል፣ በገንዘብ አትታመን የሚለውን ያነብና «ለእኔ አይመቸኝም» ብሎ ያልፈዋል። መቶ አለቃው «ቃል ብቻ ተናገር» ያለው ቃሉ ለብላቴናው እንጂ ለእርሱ እንዳይደርስ አልነበረም። ከሐሰተኛ ጌታ የሸሸ ሰው ራሱን ጌታ ቢያደርግ ያተረፈው ነገር የለም። ስለዚህ ከባዱን ቃል ቶሎ አትለፉት። ይቅር ለማለት ያልቻላችሁትን አንድ ሰው ስም ይዛችሁ በጸሎት በጌታ ፊት ቁሙ፤ ሳምንትም ዓመትም ይፍጅ።

ጥርጣሬ ያለባችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ማቴዎስ ስለ ገሊላው ተራራ ሲጽፍ ዐሥራ አንዱ ባዩት ጊዜ እንደ ሰገዱለት፣ የተጠራጠሩ ግን እንደ ነበሩ አልደበቀም። «ሥልጣን ሁሉ በሰማይና በምድር ተሰጠኝ» የሚለውን የሰሙት እነዚሁ ናቸው፤ ሂዱ የተባሉትም እነዚሁ ናቸው። ጥርጣሬያችሁ እስኪጠራ ከሥራው ውጭ ቆማችሁ እንድትጠብቁ የጠየቃችሁ የለም። የታመመ ጠይቁ፣ የታሰረ ጎብኙ፣ ወንጌሉን ከመጀመሪያው አንሥታችሁ አንብቡ፤ ጥያቄያችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።