የድሮ መኪና የድሮ ዋጋ፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ሰላም ለሁላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ለኢንሹራንስ መኪና ስገምት የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ቮልስ አሉ፤ አንዷ ትሄዳለች። በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ አሮጌ መኪና ከዓመታት በፊት ስንት ታወጣ እንደነበር ለግብር ጉዳይ እንዴት ይረጋገጣል? ዛሬ እዚሁ በአደባባይ ጠይቁኝ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ቀን የሌለው ዋጋ ዋጋ አይደለም። ቀኑን ይዛችሁ ኑ።

ከአዘዞ፦ ጋሼ፣ የአባቴ ቮልስ አለች። የድሮ ዋጋዋ ስንት ነው?

መልስ፦ የመቼ ድሮ? ለምን ግብር? አሁን ምን አልኩ! ሁለቱን ይዘህ ተመለስ።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ አስጎብኚ ድርጅት አለኝ። በ1998 ላንድሮቨር ገዛሁ። የከፈልኩት 140 ሺህ ነው፤ ውሉ ላይ ግን 60 ሺህ ብለን ነው የጻፍነው። አሁን ልሸጣት ስል ሂሳብ ሠራተኛዬ «የመዝገብ ዋጋዋ ዜሮ ነው፤ የምትሸጥበት በሙሉ ትርፍ ይሆናል» አለኝ። የ1998ን ትክክለኛ ዋጋ ቢገምቱልኝ አይቀንስልኝም?

መልስ፦ አይቀንስልህም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ግማሹ ጎንደር የታመመው በዚህ በሽታ ነው።

የድርጅት መኪና የእርጅና ቅናሽ ይታሰብለታል፤ ማለትም የተገዛበት ዋጋ በየዓመቱ እየተቆረሰ እንደ ወጪ ይያዛል፣ የሚቀረው የመዝገብ ዋጋው ነው። በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት ተሽከርካሪ ከተገዛበት ዋጋ ላይ ቀጥታ ከተሰላ በዓመት 15 በመቶ፣ ከቀሪው ዋጋ ላይ ከተሰላ 20 በመቶ ይቀነስለታል። በቀጥታው ሰባት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። ያንተዋ ካለቀች ቆይታለች። ስለዚህ እኔ ዛሬ «በ1998 ዋጋዋ 140 ሺህ ነበር» ብዬ ብፈርምልህ መዝገቡ ላይ አንዲት ብር አትጨመርም።

ዋናው ነገር ግን ያ 60 ሺህ ነው። ስም ስታዛውሩ ቴምብር እንዲቀልላችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ጻፋችሁ። ያኔ ተሳሳቃችሁ፤ ምሳም ተጋበዛችሁ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ ወጪ ብለህ የምታስቀንሰው ከ60 ሺህ ላይ ሆነ። የ80 ሺህ ብር ወጪ በገዛ እጅህ ቀበርክ። ዛሬ «ውሸት ነው የጻፍኩት» ብለህ ቢሮ ብትገባ ከግብሩ የባሰ ነገር ይዘህ ትወጣለህ። ውል ላይ እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ። ጻፉ! ይህን ማታ ድረስ አሥር ጊዜ እለዋለሁ።

ከፒያሳ፦ ምስክር ባመጣስ? ሻጩ በሕይወት አለ።

መልስ፦ ምስክሩም አብሮህ የፈረመው ሰው ነው እኮ። ቀጣይ።

ከማራኪ፦ እኔ ነጋዴ አይደለሁም። የራሴን የቤት መኪና ብሸጥ በትርፉ ላይ ግብር አለብኝ?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 59 የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር የተጣለው በማይንቀሳቀስ ንብረት፣ በአክሲዮንና በቦንድ ላይ ነው። የቤት መኪና እዚያ የለም። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏልና ከመፈረምሽ በፊት ቢሮ ጠይቂ። ስም ሲዛወር የሚታየው የዛሬ ዋጋ ነው፤ የድሮው አያስፈልግሽም።

ከቀበሌ 18፦ አባታችን ቮልሷን በ1961 አዲስ ነው የገዛት። አሁን ወንድሜ ለፔንሲዮን ንግዱ ሊያስገባት ዋጋዋን አስገመትን። ገማቹ ሊብሬው ላይ «ስሪት 1960» የሚለውን አይቶ ከውጭ አገር የዋጋ ዝርዝር ላይ የ1960ን ቮልስ ወሰደ። ልክ ነው?

መልስ፦ ተባረክ፤ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው።

ልክ አይደለም። ሊብሬ የጻፈው ሰው ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶት ይሆናል። የውጭው ዝርዝር ደግሞ በፈረንጅ ነው። በአንድ እስክሪብቶ መኪናችሁ ስምንት ዓመት አረጀች ማለት ነው። ወረቀቱን ተወውና መኪናዋን ጠይቃት። የኋላ ወንበሩን አንሳ። መሀል ላይ ባለው የብረት ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። በሽቦ ብሩሽ እንዳትፈትገው! በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፤ ሲደርቅ ጠመኔ አልብሰው፤ ባትሪ ከጎን አብራበትና በስልክህ ፎቶ አንሳ።

አሁን አሃዞቹን ቁጠር። በ1960 በፈረንጅ የተሠራች ቮልስ ቁጥሯ ሰባት አሃዝ ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ዘጠኝ አሃዝ ሆነ፤ ሦስተኛዋ አሃዝም የሞዴሉን ዓመት ትናገራለች። ከ1970 ሞዴል ወዲህ አሥር ነው። የሞዴል ዓመቱ የሚጀምረው ደግሞ በፈረንጅ ኦገስት ነው።

ከቀበሌ 18፦ አየሁት ጋሼ። ዘጠኝ ነው። 118 ብሎ ይጀምራል።

መልስ፦ በቃ፣ የ1968 ሞዴል ናት። 11 ማለት ኤሊዋ ቮልስ፣ 8 ማለት 68። የተሠራችው በእኛ ከሐምሌ 1959 መጨረሻ እስከ ሐምሌ 1960 ባለው ጊዜ ነው። የሊብሬው 1960 ልክ ነው፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። አባትህ በ1961 አዲስ ገዛኋት ካሉም ይገጥማል። ጠበቅ ያለ ማስረጃ ከፈለግህ ጀርመን ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም በሻንሲ ቁጥሩ የመኪናዋን የልደት ምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል። ገማቹ እንደገና ይሥራው። ሲሠራም ወንድምህ ወደ ንግዱ ያስገባበትን ቀን ይጻፍበት። ቀን!

ከአራዳ፦ ቮልስ ቮልስ ትላላችሁ እንጂ የጎንደር መኪና ፊያት ናት። ጣሊያን ያመጣው መንገድ የሚያውቀው የጣሊያን መኪና ነው።

ከደባርቅ፦ ሊማሊሞ ላይ እንነጋገር። ፊያት ዳገቱ ግማሽ ላይ ውኃ ይጠማታል። ቮልስ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው፤ ጀሪካን አትጠይቅህም።

ከአራዳ፦ ቮልስም ዳገቱን ትወጣለች፤ የምትደርሰው ግን በማግሥቱ ነው!

ከኦቶፓርኮ፦ ላዳንስ ለምን ትረሳላችሁ?

መልስ፦ ላዳ ራሷ ከፊያት 124 የተቀዳች ናት። አሁን ወደ ጉዳያችን እንመለስ፤ ፀብ ካማራችሁ ቡና ቤት አለ።

ከሜሪላንድ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። አባቴ ጁን 2019 አረፉ፤ ጎንደር ያለችውን ፔዦ 404 አወረሱኝ። ዘንድሮ ሸጥኳት። እዚህ ግብር ስሞላ መነሻ ዋጋው አባቴ የገዙበት ነው ወይስ ሌላ?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። የአሜሪካው ሕግ እዚህ ላይ ደግ ነው። በውርስ የመጣ ንብረት መነሻ ዋጋው በሟች የሞት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። አባትህ በንጉሡ ጊዜ የከፈሉት አይቆጠርም። በሕይወት ሳሉ በስጦታ ሰጥተውህ ቢሆን ኖሮ ግን በትርፍ ስትሸጥ መነሻው እሳቸው የገዙበት ይሆን ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ውርስ መሆኑን በወረቀት ያዝ። የገበያ ዋጋ ማለት ደግሞ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ መኪናዋን በደንብ የሚያውቁ ሻጭና ገዢ የሚስማሙበት ነው። የዛሬ የደላላ ዋጋ አይደለም።

ሌላው ወጥመድ ምንዛሬው ነው። በጁን 2019 ዶላር በባንክ 29 ብር ገደማ ነበር። ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የሞቱበትን ቀን ዋጋ በሞቱበት ቀን ምንዛሬ፣ የሸጥክበትን በሸጥክበት ቀን ምንዛሬ አስላ። በብር እጥፍ ስላገኘህ አተረፍኩ ያልከው በዶላር ኪሳራ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። በግል ስትነዳት ከነበረ ደግሞ ኪሳራውን ከግብር አያስቀንሱልህም። ቀሪውን እዚያው ያለ ባለሙያ ይጨርስልህ።

ከፒያሳ ሌላ፦ የፊያት 600 የድሮ ዋጋ ስንት ነበር?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ከልደታ፦ እኛ ጋ ምንም ወረቀት የለም። ባለቤቴ ከሞቱ 12 ዓመት ሆኗል። ሊብሬ ብቻ ነው የቀረው። የዚያን ጊዜ ዋጋዋን ምን ያስረዳልኛል?

መልስ፦ እማማ፣ ወረቀት የለም ያለ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ወረቀት አለ። ሦስት ቦታ ይፈልጉ። አንደኛ የፍርድ ቤት መዝገብ፤ ውርሱ በአጣሪ ከተጣራ ሪፖርቱ ላይ መኪናዋ ከነግምቷ ትኖራለች፤ ቀንም አለው። ሁለተኛ ኢንሹራንስ፤ ሙሉ ዋስትና ከነበራት ውሉ ላይ ዋጋዋ ተጽፏል። የሦስተኛ ወገን ከሆነ አይድከሙ፤ የመኪናዋን ዋጋ አይናገርም። ሦስተኛ፣ ከውጭ የገባች ከሆነ የጉምሩኩ ዲክላራሲዮን። የድሮ የሽያጭ ማስታወቂያ ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) በተቀመጡት የአዲስ ዘመን ጋዜጦች ላይ አለ፤ ልጅዎ አዲስ አበባ ካለ ይላኩት።

ፎቶም አይናቁ። አንድ ጊዜ አንድ ቤተሰብ «በዚያ ዓመት መኪናችን እንደ አዲስ ነበረች» አሉኝ። የሰርግ ፎቶ አመጡ፤ ሙሽሮቹ ፋሲል ግንብ በር ላይ፣ መኪናዋ በሪባን ተሸልማ። በማጉያ መነጽር አየሁት። የግራ ፓራፋንጎ ተጨርምቷል። አንዱ ጎማ ኮፓ የለውም። በሩ ሥር ላሜራው ዝጎ እንደ ብስኩት ተበልቷል። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብሰብ ያደረገችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ግምቱ ወረደ፤ እነሱም ተቀየሙኝ። የእርስዎ ፎቶ ግን የሚጠቅምዎት ሊሆን ይችላል። ከጀርባው ቀን ካለው አያጥፉት።

ከአዘዞ፦ ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነስ?

መልስ፦ ዋጋዋ ከሚፈለግበት ቀን በፊት ነው በኋላ የተቀየረው? በኋላ ከሆነ አይመለከትህም።

ከአዘዞ፦ እሺ ጋሼ፣ እንግዲያው ቮልሳችን ስንት ታወጣለች?

መልስ፦ በየትኛው ቀን?

ከአዘዞ፦ ዛሬ።

መልስ፦ ለዛሬማ እኔን ምን አደከመህ? ኦቶፓርኮ ወርደህ ደላላ ጠይቅ።