መልስ፦ የብርሃን ሴንሰሬ ሁልጊዜ 1023 ያሳያል፤ ተቃጥሎ ይሆን?

ኤልዲአሩን (በብርሃን መጠን ኦሙ የሚለዋወጠውን የብርሃን ሴንሰር) ከ5 ቮልት፣ የ10 ኪሎ ኦም ሪዚስተሩን ከግራውንድ አገናኝተው መጋጠሚያቸውን ወደ አርዱይኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) አናሎግ መግቢያ እንደወሰዱና በጨለማም በብርሃንም 1023፣ ማለትም ከፍተኛው ንባብ፣ እንደሚነበብ ገልጸዋል። ሴንሰሩ ውስጡ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ንባቡ ወደ 0 ይወርድ ስለነበር፣ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ከግራውንድ የተላቀቀ የሪዚስተር እግር ነው፤ ያኔ ንባቡን ወደ 0 የሚስብ ስለማይኖር 1023 ላይ ይቀራል። በብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ክፍሎች በሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው።

ግንኙነቱ ደህና ከሆነ ኃይሉን ያጥፉና፣ ሪዚስተሩና ቦርዱ ልኬቱን እንዳያዛቡት የሴንሰሩን አንድ እግር ነቅለው በመልቲሜትር ኦሙን ይለኩ። እንደ ጂኤል5528 ያለው ዓይነት በደማቅ ብርሃን ወደ ጥቂት ኪሎ ኦም ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ፣ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኖ ጥቂት ሰከንዶች ሲቆይ (ጣት ብርሃን ያሳልፋል) በመቶ ሺዎች ወደሚቆጠር ኦም ይወጣል። በሁለቱም ሁኔታ ወደ 0 ኦም ከቀረበ ግን ሾርት ሆኗልና ይቀይሩት።