የኤችኦኤ ፕሬዚዳንት ሰው መንገድ ዘግቶ ማቆየት ይችላል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ታውንሃውሱን ገዝታችሁ ከገባችሁ ሁለት ዓመት ሆኗችኋል። ዴሊቨሪ የሚሠራው ወንድምሽ ደንበኛው የሰጠውን የግቢ በር ኮድ ተጠቅሞ ገብቶ ዕቃ አድርሶ ሲወጣ፣ የኤችኦኤው (የግቢው ቤት ባለቤቶች ማኅበር) ፕሬዚዳንት መኪናውን አጋድሞ «የት ነበርክ? ኮዱን ማን ሰጠህ?» እያለ ግማሽ ሰዓት አቆየው። ከዚያ በፊትም አንቺን ሊጠይቅ ሲመጣ ሁለት ጊዜ አስቁሞታል። ሌሎቹ ሾፌሮች ሳይጠየቁ ያልፋሉ። ግቢውን የሚያስተዳድረው ማኔጅመንት ካምፓኒ ደግሞ «የጎረቤት ለጎረቤት አለመግባባት ነው» ብሎ መለሰሽ። ስቴትሽን ስላልጻፍሽ የፌዴራሉን ሕግ ይዤ፣ ምሳሌ ሲያስፈልግ ፍሎሪዳንና ካሊፎርኒያን አነሳለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ለጥያቄሽ መልስ ከጻፉት ሁለት ሦስት ሰዎች «የኤችኦኤ ክፍያውን አቁሙባቸው፣ ያኔ ይሰማሉ» ብለዋል። እባክሽ ይህን እንዳታደርጊ። ክፍያው ቤቱን ስትገዢ የገባሽበት ግዴታ ነው፤ የደረሰብሽ አድልዎ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን ላለመክፈል ምክንያት አይሆንሽም። ፍሎሪዳ ውስጥ ማኅበሩ የ45 ቀን ማስጠንቀቂያ ልኮ ቤትሽ ላይ ሊየን (የዕዳ መያዣ) ያስመዘግባል፤ ከዚያ ሌላ የ45 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፎርክሎዠር (ቤቱን በዕዳ ማስሸጥ) መጀመር ይችላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያልተከፈለው ዋናው ዕዳ 1,800 ዶላር ከደረሰ ወይም 12 ወር ካለፈው ወደ ፎርክሎዠር የሚወስደው መንገድ ይከፈትላቸዋል። የጠበቃቸውም ሒሳብ ባንቺ ላይ ይደመራል። ተበዳይዋ አንቺ ሆነሽ ሳለ መዝገብ ላይ ባለዕዳ ሆነሽ ትገኛለሽ። በየወሩ በቀኑ ክፈይ፣ ደረሰኙን አስቀምጪ።

አሁን ወደ ሥልጣኑ። ቦርዱ ሥልጣን የሚያገኘው ከወረቀት ነው፦ ካውንቲው ዘንድ ከተመዘገበው ዲክላሬሽን (የግቢው መመሥረቻ ሰነድ)፣ ከባይሎው (የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ) እና ከግቢው ደንብ። ሦስቱንም አውጥተሽ ስለ በር፣ ስለ እንግዳና ስለ ጥበቃ የሚሉትን አንቀጾች አስምሪባቸው። ቦርድ የሚወስነው በስብሰባ፣ በድምፅ ነው። ፕሬዚዳንቱ ከስብሰባ ውጭ፣ በባይሎው ወይም በቦርዱ ውሳኔ የተሰጠው ሥራ ከሌለ በቀር፣ እንዳንቺው አንድ ነዋሪ ነው። መንገዱ የማኅበሩ የግል ንብረት መሆኑም አያድነውም፤ ቤቱን ስትገዢ በመንገዱ የመመላለስ መብትም አብሮ መጥቶልሻል፣ እንግዳም ዕቃ አድራሽም የሚገባው በጠራው ነዋሪ መብት ነው። ተቀጥሮ ዩኒፎርም የለበሰው ጥበቃ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ትእዛዝ «አይተህ ሪፖርት አድርግ» የሚል ነው። በሩ ላይ ያልተጋበዘን ሰው ይመልስ ይሆናል እንጂ፣ ሥራውን ጨርሶ የሚወጣን ሰው መኪና ጋርዶ ማገት የማንም ሥራ አይደለም። ይህ ፎልስ ኢምፕሪዝንመንት (ሰውን ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ማገት) ይባላል፤ በብዙ ስቴቶች በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም ያስጠይቃል።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ቦርዱ ራሱ ያውቀዋል። የ17 ዓመቱ ትሬቮን ማርቲን እ.ኤ.አ. የካቲት 26 ቀን 2012 ሳንፎርድ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሲገደል በአጥር በተከለለ የታውንሃውስ ግቢ ውስጥ በእንግድነት የተቀመጠ ልጅ ነበር፤ የተኮሰው የግቢው የሠፈር ጥበቃ አስተባባሪ ነው። ቤተሰቡ በ2013 ከቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ጋር በስምምነት ጨርሷል። በግንቦት 2020 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ደግሞ የወንድምሽ ነገር ቁርጥ ራሱ ሆነ፦ ጥቁር ዕቃ አድራሽ፣ መኪናውን አጋድሞ የዘጋበት የማኅበሩ ፕሬዚዳንት፣ «የት ነበርክ» የሚል ጥያቄ። ሹፌሩ የደንበኛውን መረጃ አልሰጥም ብሎ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ በቀጥታ ሥርጭት ቀረጸው። ልክ ነበር። ወንድምሽም እንደዚያው ያድርግ።

1. በዚያው ሰዓት። ማርሹን ፓርክ ላይ ያድርግ፣ በሩን ይቆልፍ፣ መስኮቱን ድምፅ የሚያሰማ ያህል ብቻ ይክፈት። ከመኪና አይውረድ። መኪናውን አንዲት ጋት ወደ ሰው አያስጠጋ፤ ብዙ ተበዳይ ተከሳሽ የሆነው እዚህች ላይ ነው፣ መኪና ሰው ከነካ ፖሊስ እንደ ጦር መሣሪያ ሊቆጥረው ይችላል። ስልኩን በግልጽ ይዞ «እየቀረጽኩ ነው» ይበል፤ ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳ፣ ሜሪላንድ፣ ፔንሲልቬኒያና ዋሽንግተን ውስጥ የሰውን የግል ንግግር ተደብቆ መቅዳት ራሱ ያስጠይቃል። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «መውጣት እፈልጋለሁ፣ እባክህ መኪናህን አንሳ።» ይህን ሦስት ጊዜ፣ በተረጋጋ ድምፅ። ከፈቃዱ ውጭ መያዙን የሚያረጋግጥለት ይህ ነው። የደንበኛውን ስምም ሆነ ኮዱን ለነዋሪ አይስጥ።

ከሌላው ቀድሞ 911 ራሱ ይደውል። ፖሊስ የሚመጣው መጀመሪያ የሰማውን ይዞ ነው፤ «አጠራጣሪ ሰው ግቢያችን ገብቷል» የሚለው ስልክ ከቀደመ ወንድምሽ የሚጀምረው ከዜሮ በታች ነው። የሚለው ይህን ነው፦ ዕቃ አድራሽ ነኝ፣ መኪናዬ ተዘግቶብኛል፣ መሣሪያ የለኝም፣ በቅርቤ ያለው ቤት ቁጥሩ ይህ ነው። ፖሊስ ሲመጣ እጁ መሪው ላይ ይሁን፤ መንጃ ፈቃዱን ለፖሊስ ያሳያል፣ ለነዋሪ ግን የማሳየት ግዴታ የለበትም። ፖሊሱ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ሊሄድ ይችላል፤ እንደዚያም ሆኖ የኢንሲደንት ቁጥሩንና የባጅ ቁጥሩን ሳይቀበል አይለቀው።

2. በመጀመሪያዎቹ ቀናት። የበሩ ካሜራ ምስል በራሱ ላይ እየደረበ ይጠፋል፤ በብዙ ግቢ ከአንድ ወር አይቆይም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የቅሬታ ሳይሆን «ምስሉን፣ የበሩን መዝገብና የጥበቃውን ሪፖርት እንዳታጠፉ» የሚል ይሁን። ቀኑንና ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፊ። ለማኔጅመንት ካምፓኒው በኢሜይልም በሰርቲፋይድ ሜይልም (ተቀባዩ በሚፈርምበት የአደራ ፖስታ)፣ ለማኅበሩ ሬጂስተርድ ኤጀንት (ሕጋዊ ደብዳቤ ለሚቀበልለት ወኪል) ደግሞ በሰርቲፋይድ ሜይል ላኪው፤ የኤጀንቱ ስም በስቴትሽ የማኅበራትና ድርጅቶች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። የ911 ጥሪ ድምፅና መዝገብ ከፖሊስ በፐብሊክ ሪኮርድስ ማመልከቻ ይጠየቃል፤ እሱም ስለሚሰረዝ አታቆዪው።

3. ከዚያ የባለቤትነት መብትሽን ተጠቅመሽ ሰነድ ጠይቂ። ፍሎሪዳ ውስጥ በሰርቲፋይድ ሜይል ከጠየቅሽ 10 የሥራ ቀን አላቸው፤ ካለፈ በቀን 50 ዶላር፣ እስከ 10 ቀን ይቆጠርባቸዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የዘንድሮው ሰነድ በ10 የሥራ ቀን፣ ያለፉት ዓመታት በ30 ቀን፤ ያለ ምክንያት ለተከለከለ ጥያቄ ፍርድ ቤት እስከ 500 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። የምትጠይቂው የእንግዳ መግቢያ ደንቡን፣ የጥበቃ ውሉንና ፕሬዚዳንቱ ሰው እንዲያስቆም የወሰነ ቃለ ጉባኤ ካለ እሱን ነው። የለም ብለው ከመለሱ መልሱ ራሱ ማስረጃሽ ነው። ተከራይ የሆናችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይህን በራሳችሁ መጠየቅ ስለማትችሉ አከራያችሁ ይጠይቅላችሁ።

ዋናው ማስረጃ ግን ንጽጽር ነው። «ዘረኛ ነው» ብለሽ አስር ገጽ ብትጽፊ፣ «በዚያው ምሽት ከ6 እስከ 8 ሰዓት አምስት ሌሎች የዴሊቨሪ መኪኖች ገብተዋል፣ አንዱም አልተጠየቀም» የምትለው አንዲት መስመር ትበልጣለች። ደብተር ያዢ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ቆመ፣ ማን አለፈ፣ የተባለው ቃል እንዳለ። ደንቡ ሁሉም መታወቂያ ያሳይ ካለና የሚጠየቁት ጥቁሮች ብቻ ከሆኑ ጉዳይሽ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ስለዚያ «የጎረቤት ለጎረቤት» መልስ። ይህን ሰምታችሁ ዝም ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ሲያናግሩንም እንደ ለማኝ ነው የሚያናግሩን። መልሱ ስህተት ነው። የ1968ቱ የፌዴራል የቤቶች ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በትውልድ አገር ምክንያት በቤትሽ ኑሮ ጣልቃ መግባትንና ማስፈራራትን ይከለክላል፤ የማስፈጸሚያ ደንቡም ይህ ባንቺ ዘር ብቻ ሳይሆን በእንግዶችሽ ዘር ምክንያት ሲሆንም እንደሚይዝ በግልጽ ይላል። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት፣ ሀድ የምንለው፣ በ2016 ያወጣው ደንብ ደግሞ ማኅበሩ የሌላ ሰውን አድልዎ እያወቀ፣ ማረም ሲችል ሳያርም ከቀረ ተጠያቂ ያደርገዋል። «እያወቀ» የሚለውን ቃል ያዢው። ደብዳቤሽ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ በቃል የነገርሻቸውን አልሰማንም ይላሉ፣ ሰርቲፋይድ ሜይል የፈረሙበትን ግን አይሉም። በጽሑፍ የመጣ የአድልዎ ክስ ለቦርዱ አባላት ኢንሹራንስ መነገር ያለበት ነገር ነው፤ ጠበቃቸው ፕሬዚዳንቱን «ተው» የሚለው ያን ጊዜ ነው።

የእኛ ሰው ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ይመጣል። ሽማግሌ እንልካለን። ቤቱ ሄደን፣ ቡና ጠጥተን፣ «ተሳስቻለሁ» ብሎ እጅ ጨብጦን እንወጣለን። እርቅን የማከብር ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ያለ ወረቀት የተጨረሰ እርቅ ሰውየው ዳግም ሲያደርገው «እሷ ራሷ ችግር የለም ብላለች» የሚል ምስክር ይሆንለታል፣ ቀኑም በዚያ መሃል ያልቃል። ለሀድ ማመልከት የሚቻለው ድርጊቱ ከተፈጸመ በ1 ዓመት ውስጥ ነው፤ ፍርድ ቤት ለመሄድ 2 ዓመት። ስለዚህ ታረቂ፣ ነገር ግን ሦስት ነገር ተጽፎ ቦርዱ ይፈርምበት፦ ማንም የቦርድ አባል ሰው እንዳያስቆም፣ የመግቢያው ደንብ ለሁሉም አንድ እንዲሆን፣ አቤት በማለትሽ ቅጣትም ሆነ ሌላ ነገር እንዳይደርስብሽ። ድንገት ስለ አትክልትሽ ወይም ስለ ቆሻሻ መጣያሽ የቅጣት ወረቀት ቢመጣ እሱንም መዝግቢው፤ በቀል በራሱ ሌላ ጥሰት ነው። ፍሎሪዳ ከሆንሽ ከቅጣቱ በፊት የ14 ቀን ማስታወቂያና ከቦርዱም ከቤተሰባቸውም ውጭ በሆነ ኮሚቴ ፊት የመሰማት መብት አለሽ።

ማመልከቻው ነጻ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልገውም፤ በኢንተርኔት ወይም በ1-800-669-9777 ይጀመራል፣ አስተርጓሚም ጠይቂ። ተከሳሽ በሚለው ቦታ ፕሬዚዳንቱን ብቻ አትጻፊ። ማኅበሩን፣ ማኔጅመንት ካምፓኒውን፣ ጥበቃው እጁ ካለበትም የጥበቃ ድርጅቱን በሙሉ ሕጋዊ ስማቸው አስገቢ። ሰውየውን ብቻ ከከሰስሽ ማኅበሩ «የግል ጠባዩ ነው» ብሎ ዞር ይላል፣ የሚያስተካክል አካልም አይገኝም። ምርመራው በ100 ቀን እንዲያልቅ ይጠበቃል፣ ብዙ ጊዜ ግን ከዚያ ይረዝማል፤ ፋይሉ እዚያ ያለበት ጊዜ ከ2 ዓመቱ ላይ አይቆጠርብሽም።

ወንድምሽ ያንቺ ማመልከቻ ውስጥ ምስክር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። ለታገተበት ግማሽ ሰዓት የራሱ ክስ አለው፤ የፎልስ ኢምፕሪዝንመንት የጊዜ ገደብ በስቴት ይለያያል፣ ከሀዱም ሊያጥር ስለሚችል በዚህ ወር ጠበቃ ያነጋግር። ሰውየው 911 ደውሎበት ከነበረና የምትኖሩት ኦሪገን ወይም ኒውዮርክ ከሆነ፣ በዘር ተነሣስቶ ያለ በቂ ምክንያት ፖሊስ የጠራን ሰው መክሰስ የሚያስችል ሕግ አለ፤ የኦሪገኑ በ2019 ወጥቶ ቢያንስ 250 ዶላር ያስፈርዳል፣ የኒውዮርኩ በ2020 ወጣ። ለሚሠራበት የዴሊቨሪ ድርጅትም በዚያው ቀን በአፑ ሪፖርት ያድርግ፤ የገባበትና የወጣበት ሰዓት በጂፒኤስ ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ ስንት ደቂቃ እንደተያዘ ከዚያ የተሻለ ሰዓት ቆጣሪ የለም።